የቆሎ መጠቅለያው

ቅዳሜ ነው፤ ገበያው ሊበተን ሲል። ተለማማጁ ልጅ እንደ ወትሮው ጠባሴ ካለችው ጉልት የገብስ ቆሎ ገዝቶ ገባና ሦስት ጥቅልል የሥራ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ወረቀቱ የደብተር አልነበረም። ወፈር ያለ፣ የሚያንጸባርቅ፣ ባለ ቀለም ነው። አንደኛው ላይ ከጭቃ የተሠራ የሚመስል፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ትንሽ ልጅ ቆሟል፤ ሌላው ላይ የከተማ ካርታ አለ።

“ሴትዮዋ ይኼን ወረቀት ከየት አመጣችው?” አልኩት።

“እኔ ነኝ የሰጠኋት” አለ ልጁ ደስ ብሎት። “ሙሉ መጽሐፍ ነበር። ቆሎውን አብዝታ ሰፈረችልኝ።”

“ካርቶኑስ? ትልቁ ካርቶን?”

ልጁ መልስ ሳይሰጥ ወደ ከሰል ምድጃው ዞረ። የኅዳር ውርጭ የደብረ ብርሃንን ጠዋት ሲያደነዝዘው ከሰሉ አልያያዝ ብሎ ነበር፤ ያቀጣጠለው ያ ካርቶን ነው። “ጋሼ ናቸው ጠረጴዛውን አጽዳ ያሉኝ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የጥገና ሱቁ ባለቤት ጋሼ ከተፈታ ቴሌቪዥን ጀርባ ቀና አሉ። “ጌሙ ይሠራል አይደል እንዴ? ወረቀት ምን ያደርጋል?”

ይህች ንግግር እስከ ዛሬ ታንገበግባለች። የምታንገበግበውም ስህተት ስለሆነች አይደለም። በጥገና ሥራ እውነት ናት። ደንበኛ ዕቃውን ሲያመጣ የሚጠይቀው “ይሠራል ወይ?” ብሎ ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህች ጥያቄ እንጀራ የበላ ሰው ወረቀትን እንደ ገለባ ቢያይ አይፈረድበትም።

ዕቃው ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ጌም የሚያጫውት ማሽን፣ የአሜሪካው ሱፐር ኒንቴንዶ ነው። ያመጡት እትዬ ታናሽ ወንድማቸው አሜሪካ ኖሮ እዚያው ያረፈባቸው፣ ሻንጣው በዘመድ እጅ የመጣላቸው ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸው አዳፕተሩን ግድግዳው ላይ ሰክቶ ቤቱን በጭስ ሞላው። የዚያ አዳፕተር ሆድ ለ120 ቮልት የተጠቀለለ ተራ ትራንስፎርመር ነው፤ እንደ ዛሬ የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 አይቀበልም። የእኛን 220 ሲያገኝ ጥቅልሉ ይግላል፣ ይሸታል፣ ይነድዳል። ማሽኑ ውስጥ የተቃጠለችው በኃይል መግቢያው አጠገብ ያለችው ትንሿ 1.5 አምፔር ፊውዝ ብቻ ነበረች። እሷ ተቀየረች፣ ከሱቁ ፓወር ሰፕላይ 10 ቮልት ዲሲ ተሰጠው፣ ተነሣ። ኤንቲኤስሲ የተባለውን የአሜሪካ የምስል ዓይነት የማያውቅ የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወይም እየተንሸራተተ ሊመጣ ስለሚችል፣ መሞከሪያው የእኛንም የእነሱንም ዓይነት የሚቀበል መሆን አለበት።

ሻንጣው ውስጥ ጌም የያዘ አንድ ካሴት ብቻ ነበረ። ኧርዝባውንድ ይባላል። ከነትልቁ ካርቶን፣ ከነመምሪያ መጽሐፉ።

ጋሼ የዚያን ቀን ማታ ሱቁን ሳይዘጉ ተቀመጡ። ይህ ጌም ከነወረቀቱ ውድ የሆነበት ምክንያት አልገባቸውም፤ እልኸኛ ናቸው፣ ያልገባቸውን ነገር ይዘው አይተኙም። “አሮጌ ስለሆነ ነው?” አሉ መጀመሪያ።

እርጅና ብቻውን ዋጋ አያመጣም። ማርትሬዛ ብርን ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ላዩ ላይ 1780 የሚል አለ፣ ግን ያው ዓመት እየተጻፈበት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሲታተም ኖሯል። ዓመቱን አይቶ ብርቅ ነው የሚል ይሸወዳል። በጌምም እንዲሁ ነው። አታሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ኢ.ቲ. የተባለው ጌም ያረጀ ነው፤ ግን ከገበያው ፍላጎት እጅግ በልጦ ስለተመረተ በ1983 ትርፉ ከሌሎች ካሴቶች ጋር ኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ በሚገኝ የቆሻሻ መጣያ ተቀበረ። ዛሬም ተራው ካሴት ርካሽ ነው። በ2014 ከዚያ ጉድጓድ ተቆፍረው የወጡት ግን፣ ከከተማው ማረጋገጫ ጋር፣ አንዳንዳቸው በመቶዎች ዶላር ተሸጡ። ውስጣቸው ያለው ጌም ያው ነው። ዋጋ የተከፈለው ለታሪካቸው ነው።

“እሺ፣ ጥቂት ስለተሠራ ነዋ።”

ይኼ ግማሹ ነው። ባንዳይ በ1987 አሜሪካ ውስጥ ስታዲየም ኢቨንትስ የሚባል፣ ምንጣፍ ላይ እየሮጡ የሚጫወቱት ጌም አወጣ። ኒንቴንዶ የምንጣፉን መብት ወሰደና ካሴቱን ከመደብር ሰብስቦ በ1988 ያንኑ ጌም ወርልድ ክላስ ትራክ ሚት ብሎ በሌላ ስም አወጣው። ከመሰብሰቡ በፊት የተሸጡት ጥቂት ካሴቶች ዛሬ ሙሉ ሆነው ሲገኙ በአሥር ሺዎች ዶላር ይጠየቅባቸዋል፤ ስሙ የተቀየረው ደግሞ እንደ ልብ ይገኛል። በፕሮግራም ደረጃ ልዩነታቸው ከስሙ ብዙም አያልፍም። የ1990ው የኒንቴንዶ ውድድር ካሴትም አለ፤ ግራጫው 90 ሆኖ ለተወዳዳሪዎች ተሰጠ፣ ወርቃማው 26 ሆኖ በመጽሔት ዕጣ ወጣ። እነዚህን ፋብሪካው ራሱ ብርቅ አድርጓቸዋል።

ኧርዝባውንድ ግን ከነዚህ ወገን አይደለም። በ1995 አሜሪካ ሲገባ ወደ 140,000 ገደማ ተሽጧል። ያኔ ለኒንቴንዶ ይህ ክስረት ነበር፤ ለብርቅነት ግን ብዙ ነው። መጽሐፉ አብሮ ስለሚሸጥ ካርቶኑ ከሌሎቹ ሁሉ ይተልቃል፣ ዋጋውም ከፍ አለ፤ ማስታወቂያው “ይህ ጌም ይገማል” የሚል ነበር፣ መጽሐፉ ውስጥም ሲፋቅ የሚሸት ካርድ አለ። ሰው ሸሸው። ከዚያ በ1999 ሱፐር ስማሽ ብሮስ የተባለው ጌም የኧርዝባውንዱን ባለ ቀይ ኮፍያ ልጅ አስገባው። “ይኼ ልጅ ማነው?” ብሎ የጠየቀ ሁሉ አሮጌውን ካሴት መፈለግ ጀመረ። ጌሙ አሜሪካ ውስጥ ዳግመኛ የወጣው በ2013፣ ያውም በኢንተርኔት በሚወርድ መልክ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ፈላጊው ሲጨምር አዲስ ካሴት አልተጨመረም።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙና ወደ ራሳቸው ነገር ተመለሱ። “ታዲያ ካሴቱ አለ። ወረቀቱስ?”

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ካሴቱ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ይኖራል። ካርቶኑን ልጅ ይቀደዋል፣ እናት ትጥለዋለች፤ ካሴት አከራዩም መደርደሪያ ላይ ስላልበቃው አጥፎ ይወረውረዋል። ከ140,000ው ካሴት ብዙው ዛሬ አለ፤ ካርቶኑና መጽሐፉ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ካሴቱ ብቻውን በመቶዎች ዶላር፣ ሙሉ ሲሆን ከ1,000 ዶላር በላይ የሚሄደው። ይኼን የሚያጠናክር ሌላ አለ። ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ በዘመኑ ከሱ የበዛ ጌም መፈለግ ይከብዳል። ግን ለገና ስጦታ ተገዝቶ ከመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የቆየ፣ ፕላስቲኩ ያልተከፈተ አንድ ቅጂ በ2021 በ660,000 ዶላር በሐራጅ ተሸጠ። ሁሉም ሰው ከፍቶታል። ብርቅ የሆነው ያልተከፈተው ነው። እንግዲህ ብርቅ የሚያደርገው ሁልጊዜ ፋብሪካው አይደለም፤ ከፋብሪካው በኋላ የነካው እጅ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት በዓለም ካሉት ሙሉ ኧርዝባውንዶች አንዱን ያጎደለው እጅ ደግሞ የእኛው ሱቅ ነው።

ጋሼ ይኼን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ልጁን አልላኩም፣ ራሳቸው ሄዱ። ሲመለሱ ባለ ጉልቷ ልትገባ ዘንቢሏን ስታነሣ ደርሰውባት ቆሎ ያልተጠቀለለባቸውን 22 የመጽሐፉን ቅጠሎች ይዘው ነበር፤ የቀረውንም ቆሎዋን ገዝተው። ቅጠሎቹ ላይ የጨውና የገብስ ትቢያ አለ። ትቢያ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ይወርዳል፤ ውኃ ከነካው የሚያንጸባርቅ ወረቀት እርስ በርሱ ይጣበቃል። የተጠቀለለውን በካውያ መተኮስም አይገባም፣ ቀለሙ ያብጣል። በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል ተደርጎ ከላዩ ከባድ ነገር ሲጫንበት በቀናት ውስጥ ይዘረጋል። የተቀደደውን በፕላስተር ማያያዝ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል።

ሰኞ እትዬ መጡ። ነገሩ ተነገራቸው፣ ጋሼም ራሳቸው ይቅርታ ጠየቁ። እሳቸው ከወረቀቱ ይልቅ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። ጌሙ ሲጀምር ተጫዋቹ የደረሰበትን የያዘው ፋይል ከነባለ ታሪኩ ስም ይታያል፤ ስሙን ተጫዋቹ ራሱ ነው የሚያወጣው፣ ከአምስት ፊደል አያልፍም። ሐሙስ ዕለት ስንሞክረው አይተነው ምንም አላልንም። እትዬ አነበቡት። ወንድማቸው በልጅነት እሳቸውን የሚጠራበት ስም ነበር።

ጋሼ ያኔ ባትሪውን አሰቡ። ካሴቱ ውስጥ ፋይሉን የሚይዘው ትንሽ ሜሞሪ ነው፤ እሱን ነፍስ የሚሰጠው ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ቢተው አንድ ቀን ፋይሉ ራሱ ይጠፋል፤ ቢነሣ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ሰብሳቢዎች ያልተነካውን ይወዳሉ። እኔም አይከፈት ባይ ነበርኩ። ግን እትዬ ሊሸጡት ስላሰቡ አዲስ አበባ ያገኘነው ገዢ ቦርዱን በፎቶ ካላየሁ አላምንም ብሏል፣ ትክክልም ነው፤ የዚህ ጌም ሐሰተኛ ቅጂ በየቦታው ይሸጣል።

የካሴቱ ቡሎን ተራ አይደለም፣ 3.8 ሚሊ ሜትር የተለየ መፍቻ ይፈልጋል። ጋሼ የቢክ እስኪርብቶ ቀፎ ጫፉን በእሳት አለስልሰው ቡሎኑ ላይ ተጫኑት፣ እስኪደርቅ ጠብቀው ቀስ ብለው አዞሩት። ቀፎው ከመጠን በላይ ከጋለ ይንጠባጠብና የካሴቱን ፕላስቲክ ያበላሻል። ሲከፈት ቦርዱ ላይ የኒንቴንዶ ጽሑፍና በኤስ ኤች ቪ ሲ የሚጀምር ቁጥር አለ፤ ቺፖቹ በወጉ የታተሙ ናቸው። ሐሰተኛ ቢሆን ጽሑፍ የሌለው ቦርድ፣ በጅማት ሽቦ የተቀጠለ ቺፕ ይታይ ነበር። ይኼ ጌም ራሱም ሐሰተኛን ይቀጣል፤ የሜሞሪው መጠን ካልገጠመለት ጠላቶችን ያበዛል፣ መጨረሻው ፍልሚያ ላይ ይደርቅና ፋይሉን ሁሉ ይሰርዛል።

ቴስተሩ ባትሪው ላይ 2.6 ቮልት አነበበ። ጋሼ ሁለት ቀጭን ሽቦ ከሁለት የሬዲዮ ድንጋይ፣ ማለትም ከ3 ቮልት፣ አምጥተው በቦርዱ የባትሪ ነጥቦች ላይ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ በየዱ። መበየጃውን ካጋሉ በኋላ ሁልጊዜ ከሶኬት ነቅለው ነው ቦርዱን የሚነኩት፤ ከመስመሩ የሚያፈተልክ ኃይል ሜሞሪውን እንዳይመታው። ከዚያ አሮጌውን አነሡ፤ ለመበየጃ የብረት ልሳን ያለውን አዲስ ባትሪ ተኩ። ባትሪው ፊት ላይ በቀጥታ መበየድ አይቻልም፣ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። መጨረሻ ላይ የድንጋዮቹን ሽቦ አወጡ። እጃቸው አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ማሽኑ ሲነሣ ስሙ ቦታው ላይ ነበር።

ገዢው ፎቶዎቹን አይቶ ደወለ። “ተከፍቷል ማለት ነው። ባትሪውም ተቀይሯል። ካርቶንና መጽሐፍ የለም።” የሰጠው ዋጋ የካሴቱ ብቻ፣ ከዚያም ቀንሶ ነው።

እትዬ ስልኩን ተቀበሉ። “ልጄ፣ ስሙንስ? ስሙን ይተዉልኛል?”

“የትኛውን ስም?” አለ።

ስልኩን መልሰው ሰጡን። ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ከተቃጠለው አዳፕተር ጫፉን ቆረጡ፣ እሱ ለዚያ ማሽን ብቻ የሚገጥም ስለሆነ አይጣልም፤ ፖዘቲቩን በቴስተር ለይተው ከአዲስ ባለ 220 አዳፕተር ጋር ቀጠሉት። 22ቱን ቅጠሎች አንድ የራጅ ፊልም ፖስታ ውስጥ ከተቱ። አዳፕተሩ ላይ በጥቁር ማርከር “220 ነው። ለዚህ ዕቃ ብቻ” ብለው ጻፉ፣ ፖስታው ላይ ደግሞ “አይጣል”።