ከስፓኒሾቹ ጋር ተምሬ ስጨርስ

ዲቪ ደርሶን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባነው በ2009 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አዲስ አበባ ዘጠነኛን ጨርሼ ስለነበር እዚህ አሥረኛ ክፍል ተመዘገብኩ። ኢሶል ገባሁ። ኢሶል እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ተማሪ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ክፍሉ ውስጥ ሐበሾች ጥቂት ነበርን። የቀረው በአብዛኛው ከኤል ሳልቫዶር፣ ከሆንዱራስና ከጓቲማላ የመጣ ልጅ ነው። እኛ በጅምላ "ስፓኒሾች" የምንላቸው።

ይህን የምጽፈው አዲስ የመጡ ወላጆች "ልጄ ከስፓኒሾች ጋር እየዋለ ወደኋላ ቀረብኝ" ሲሉ ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። የእኔ ታሪክ ተቃራኒው ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱኝ እነሱ ናቸው። በኋላ ከብዙዎቹ ቀድሜ ከተመረቅኩም የተሻለ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ኪሴ ውስጥ ግሪን ካርድ ስለነበረ ነው።

ከሒሳቡ ልጀምር። ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) እንግሊዝኛዬን አየና አልጀብራ አንድ አስገባኝ። እዚያ የሚሰጠውን አብዛኛውን ነገር አገር ቤት ጨርሼዋለሁ። "ምን ችግር አለው፣ ኤ አገኛለሁ" ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የሚቀመጠው የሳልቫዶር ልጅ ነው ጉዱን የነገረኝ። እዚህ ሒሳብ በተራ ነው የሚወሰደው። አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። አሥረኛ ላይ ከታች የጀመረ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ አልጀብራ ሁለት ላይ ነው። ኢንጂነሪንግ ለሚያስብ ሰው ይህ ማለት ኮሌጅ ገብቶ ገንዘብ እየከፈለ ከኋላ መጀመር ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም የሚያደርገው። ቋንቋ የማይችል ልጅ ቀላል ክፍል ይገባል፣ ከዚያ የሚያወጣው ሰው የለም፣ በቃ።

ልጁ ይህን ያወቀው በእናቱ ነው። ማታ ማታ ቢሮ የሚያጸዱ ሴት ነበሩ። ጠዋት እንቅልፍ ሳያዩ ትምህርት ቤት ይመጡና አስተርጓሚ ጠይቀው ይቀመጣሉ። "ልጄ ለምን እዚህ ክፍል ገባ? ለመውጣት ምን ያስፈልገዋል? መቼ ነው የሚፈተነው?" ሦስቱን ጥያቄ አልመለሱላቸውም ብለው ተናደው አይሄዱም። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይመጣሉ።

አባዬን ሄደህ ጠይቅልኝ ስለው "አስተማሪው እያወቀ እኔ ምን እላለሁ?" አለኝ። አልፈርድበትም። እኛ አገር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ተብሎ ያደገ ሰው ካውንስለር አይሞግትም። የፓርኪንግ ሥራውን ፈረቃ አስቀይሮ የመጣው ብዙ ከወተወትኩት በኋላ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ አገናኙት። አንድ ሳንቲም አልከፈለም። የምንኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ እኮ አማርኛ በትምህርት ቤት ደብዳቤዎች ላይ ከስፓኒሽ ጋር አብሮ የሚታይ ቋንቋ ነው። ፈተና ሰጡኝ፣ አለፍኩ፣ ጂኦሜትሪ ገባሁ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በክረምቱ ዕረፍት ኮርስ አንዱን ደረጃ ጨርሼ ቀደምኩ።

በነገራችን ላይ አስተርጓሚውም ኢሶሉም ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች "በማይገባን ቋንቋ ማስተማር እንደ አለማስተማር ነው" ብለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ረቱ። ላው የሚባለው ጉዳይ ነው። ከዚያ በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ የሜክሲኮ ልጆች ተለይተው የተመደቡላቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሜንዴዝ የሚባል ቤተሰብ ከሌሎች ጋር ሆኖ ከስሶ በ1947 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ጥቁሮቹ በዘር የተለየ ትምህርት ቤትን የተቃወሙበትን የብራውን ጉዳይ ካሸነፉበት ከ1954 ሰባት ዓመት ይቀድማል። አባዬ ስልክ ላይ አማርኛ የሰማው እነዚህ ሰዎች ስለተከራከሩ ነው።

"ስፓኒሾች አይማሩም" የሚለው ወሬ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከክፍላችን ብዙዎቹ ደወል ሲደወል ወደ ሥራ ነበር የሚሄዱት። ጓደኛዬ፣ ያ የሳልቫዶሩ ልጅ፣ ከአጎቱ ጋር ቤት ቀለም ይቀባ ነበር። ሌሎቹ ድንበር ያሻገራቸው ደላላ ጋ ዕዳ አለባቸው፣ አገር ቤት ያለች እናት አለቻቸው። ይኼ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር ነው እንዴ? በሱዳን በሊቢያ የሄደ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ቁጥሩም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። በ2010 ከ16 እስከ 24 ዓመት ካሉት ስፓኒሾች 17 በመቶ ገደማው ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርሱ ከትምህርት ውጭ ነበሩ። በ2021 ወደ 8 በመቶ ወርዷል። ደግሞ እዚህ ቁጥር ውስጥ በ19 ዓመቱ ለሥራ መጥቶ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ልጅም አለ። እሱ መቼ ገብቶ አቋረጠ ይባላል?

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንደርስ መንገዳችን ተለያየ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ድረስ ማንም ልጅ ወረቀት የለህም ተብሎ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አይባረርም። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቴክሳስ ጉዳይ ወስኖታል። ውሳኔው ግን ኮሌጅን አይነካም። እኔ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ፎርም ሞላሁ። የቤተሰቤ ገቢ ዝቅተኛ ስለሆነ ፔል ግራንት ሙሉውን ሰጡኝ። በ2012 ከፍተኛው 5,550 ዶላር ነበር፣ ኋላ ላይ 7,395 ደርሷል። ስጦታ ነው፣ ብድር አይደለም። ኮሚኒቲ ኮሌጁን (ርካሹን የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ከፍሎልኝ ለመጽሐፍም ተረፈኝ።

እዚህ ላይ ሐበሻ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚምታታባቸው ነገር አለ። ለፋፍሳ ግሪን ካርድ ይበቃል። አምስት ዓመት መጠበቅ የለም፣ እሱ ለዜግነት ነው። ጥገኝነት የተፈቀደለትም መሙላት ይችላል። ኬዙ ገና ያልተወሰነለት ግን አይሰጠውም። ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ሜሪላንድ የራሱ የስቴት ፎርም ስላለው ሁኔታውን የሚያሟላ ሰው በዚያ ሊያመለክት ይችላል።

ጓደኛዬ በልጅነቱ በድንበር የመጣ ነው። ፋፍሳ አይሞላም። በሒሳብ ከእኔ ይበልጣል፣ የሚያስረዳኝም እሱ ነበር። የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ነዋሪ አይደለህም ካለው ክፍያው ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ያ ዓመት 2012 ነበር። በሰኔ የኦባማ መንግሥት ዳካን (በልጅነታቸው ያለ ወረቀት የመጡትን ከመባረር የሚያቆይና የሥራ ፈቃድ የሚያሰጥ ፕሮግራም) አወጀ፣ ጓደኛዬም የሥራ ፈቃድ አገኘ። በኅዳር ምርጫ ደግሞ የሜሪላንድ ሕዝብ ድሪም አክትን በድምፁ አጸደቀ። ሕጉ ያኔ ይል የነበረው ሲያጥር እንዲህ ነው፦ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ተምረህ ከጨረስክ፣ ታክስ የምታሳውቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ግባ። 60 ክሬዲት ወይም ዲፕሎማውን ስትይዝ ወደ ዩኒቨርሲቲ በነዋሪ ዋጋ ትዛወራለህ።

ስለዚህ ሁለታችንም ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተገናኘን። ሐበሻ ይህን እንደ ውርደት ያየዋል፣ አሁንም አይገባኝም። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት በርካሽ ጨርሰህ የመጨረሻው ዲግሪ ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንደኛው የመግቢያ ምደባ ፈተናው ነው። ሳይዘጋጁ ተፈትነው የወደቁ ልጆች ክሬዲት የሌለው ማጠናከሪያ ውስጥ ይገባሉ። ገንዘቡን ይከፍላሉ፣ ፔል ግራንታቸውን ይጨርሳሉ፣ ወደ ዲግሪው ግን አንድ እርምጃ አልተራመዱም። እኔ እያየሁ ብዙ ስፓኒሽና ብዙ ጥቁር ልጅ የቀረው እዚያ ነው። ጓደኛዬ ይህን ከአክስቱ ልጅ ሰምቶ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ ላይብረሪ ቁጭ ብለን ተዘጋጀን።

ሁለተኛው ክሬዲት ነው። የወሰድከው ኮርስ ሁሉ አይዛወርም። ሜሪላንድ አርትሲስ የሚባል ድረ ገጽ አለው፣ የትኛው ኮርስ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቆጠር ያሳያል። ከመመዝገባችን በፊት እያንዳንዱን እዚያ ላይ እናይ ነበር። አማካሪው የነገረንና ድረ ገጹ የሚለው ሲለያይ አትመን ይዘን እንሄዳለን። እንደ ጓደኛዬ እናት፣ ሳምንት ቆይተን እንደገና።

እኔ በፔል ግራንቱ ሙሉ ጊዜ ተምሬ በ2016 ከዩኒቨርሲቲ ተመረቅኩ። እሱ ቀን ቀለም እየቀባ በየሴሚስተሩ አንድ ሁለት ኮርስ ነበር የሚወስደው፣ ከኪሱ እየከፈለ። ዲግሪውን የያዘው ከእኔ ዓመታት ዘግይቶ ነው። አሁን በአንድ ሙያ ነን፣ ደመወዙም ከእኔ አያንስም። የሥራ ፈቃዱ ግን ዛሬም በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ ነው።