ወጋየሁን ማን አሯሯጠው?

ሐምሌ ለመምህር የዕረፍት ወር ነው። ፈተና ታርሞ፣ ካርድ ተሰጥቶ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ዓመቱን ሙሉ «ሲመቸኝ አያለሁ፣ ሲመቸኝ አዳምጣለሁ» እያልኩ ያጠራቀምኩትን ሁሉ በዚህ አንድ ወር ልጨርስ ተነሣሁ። ከቴሌግራም ያወረድኳቸው ትረካዎች፣ ጀምሬ የተውኳቸው ፖድካስቶች፣ ወዳጆቼ «ይህን ሳታይ እንዳትሞት» ያሉኝ ፊልሞች ስልኬ ውስጥ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። በዕቅዱ ያልተካተተው ግድግዳው ብቻ ነው።

የምኖረው ኮተቤ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቪስ ቤት ሲሆን፣ የእኔን ክፍል ከአከራዬ መኝታ ቤት የሚለየው ቺፑድ ነው። ቺፑድ ዓይንን ይከለክላል እንጂ ጆሮን አይከለክልም። እትዬ ከወዲያ ሲያስነጥሳቸው እኔ ከወዲህ «ይማርዎት» እላለሁ፤ እሳቸውም «ያኑርህ» ብለው ተገላብጠው ይተኛሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራይም አከራዩ ደስ ባለው ጊዜ እንዳይጨመር ስለደነገገ፣ ለእትዬ የቀረላቸው ሥልጣን በውሃ፣ በመብራትና በእንግዳ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህም እነዚህን ሦስቱን በሙሉ ልባቸው ያስተዳድራሉ። በተለይ እንግዳ ማሳደር ፈጽሞ የተከለከለ ሲሆን፣ ወንድሜ ከደሴ የመጣ ጊዜ እንኳ መታወቂያውን አይተው፣ ስማችንንና መልካችንን አመሳክረው ነው ያሳለፉት።

የመጀመሪያው ሳምንት ለፖድካስት የተመደበ ነበር። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ማይክ ፊት ተቀምጠው ስለ ትዳር የሚወያዩበት፣ ሁለት ሰዓት ያለፈ ርዝመት ያለው ዝግጅት መርጬ አንድ ማታ ከትንሿ ስፒከሬ ጋር አያያዝኩት። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን የሰው ንግግር የራስንም ሐሳብ አያሰማምና፣ ዝናቡ ሲጨምር እኔም ድምፁን ስጨምር፣ እሱ ሲብስ እኔም ስብስ፣ ስፒከሬ የመጨረሻው ጣሪያ ላይ ደረሰች። የክረምትን ዝናብ የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዝናቡ ሲያቆም ቀስ እያለ አይደለም፤ ቧንቧ እንደተዘጋበት ውሃ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። ልክ ቀጥ ሲል፣ ሴትየዋ ከባሏ ጋር የተጣላች አንዲት ወዳጇን እያስመሰለች ነበርና፣ ጸጥ ባለው ግቢ ውስጥ «እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም! ወንድ ከሆንክ አስወጣኝ!» የሚል ድምፅ አስተጋባ። ወንዶቹም ሳቁ።

በሬ ተንኳኳ። እትዬ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ባትሪ ይዘው ቆመዋል።

«መምህር፣ ስንት ናችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።»

«ሴትየዋ አልወጣም እያለች ብቻዬን ነኝ ትለኛለህ?»

ገብተው ክፍሉን በባትሪ መረመሩት። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ባልዲ የያዘ በመሆኑ ምርመራው ብዙ አልፈጀም፤ ቢሆንም ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር አዩ። «ወንዶቹስ በየት ወጡ?» ሲሉ ስልኬን አንስቼ አሳየኋቸው፣ ዝግጅቱንም ካቆመበት አስቀጠልኩላቸው። አላፈሩም፤ አልሳቁምም። የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ይህች ልጅ ‹ማለት ነው› ሳትል አንድ ነገር አትጨርስም። ያኛው ደግሞ ገና ሳይነገረው ይስቃል። ሬድዮ ቢሆን እኮ በመካከሉ ዜና ይገባባቸው ነበር።» እኔ በበኩሌ፣ ከዚህ የተሻለ የፖድካስት ሂስ እስካሁን አላነበብኩም።

ይሁን እንጂ ግቢው የራሱን ውሳኔ ወስኖ አድሯል። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ዘንድ ስወርድ፣ ከጎን ያለችው ተከራይ በሰሃን ቂጣ ይዛ «ለእንግዶችህ ቁርስ ብዬ ነው» አለችኝ። እንግዳ የለኝም ብል ቂጣው ይመለሳል፤ አለኝ ብል ሕጉን መጣሴን በምስክር ፊት ማመኔ ነው። «ፖድካስት ነው» ብዬ እውነቱን ስናገር፣ በር አካባቢ ያሉት አዛውንት ተከራይ ፊታቸውን ሲታጠቡ ቀና ብለው፣ «ፖድካስት የሚሏት የየት አገር ሰው ናት?» ሲሉ ጠየቁ። ቂጣውን ተቀብዬ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ድምፅ ያለበት ነገር እንደማይበጅ ተረዳሁና ወደ መጽሐፍ ዞርኩ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ የተረከው ቅጂ ስልኬ ላይ ነበር። አንድ ተራኪ፣ አንድ ድምፅ፤ ማንንም አያስጠረጥርም ብዬ አሰብኩ። መጽሐፉ ወፍራም፣ ወሩ አጭር በመሆኑም ፍጥነቱን አንድ ተኩል ላይ አድርጌ ጋደም አልኩ። ገና ጥቂት እንደተጓዝን ቺፑዱ ተደበደበ።

«መምህር! ወጋየሁን ማን አሯሯጠው?»

ድምፁን ለይተውታል። ትረካው በሬድዮ ይተላለፍ በነበረበት ዘመን እትዬ ገና ልጃገረድ ነበሩ፤ ሬድዮ ያለው ጎረቤት ዘንድ ተሰብስበው፣ ሕፃን የሚያለቅስባትን እናት ወደ ውጭ እያስወጡ ያዳምጡ እንደነበር ከግድግዳው ማዶ አጫወቱኝ። «እኛ ቀጣዩን ክፍል ሳምንት ሙሉ እንጠብቅ ነበር፤ አንተ በአንድ ማታ ልትጨርሰው ትሯሯጣለህ!» አሉኝ። ፍጥነቱን መለስኩት። ከዚያ ማታ ጀምሮ የወሩ ዕቅድ የእኔ መሆኑ ቀረ። ትረካው የሚጀምረው የእትዬ የቱርክ ድራማ ካለቀ በኋላ እንዲሆን ተወሰነ፤ ጆሮ ላይ የሚሰካ ማዳመጫም ከእንግዳ ጋር እኩል ተከለከለ። ስለ ድራማው ካነሣሁ አይቀር፣ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ ድምፅ የተቀረጹ የውጭ ድራማዎችን ማቅረብ ሲጀምር የአገራችን የጥበብ ሰዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። እትዬ ተቃውሞውን አልሰሙም፤ ድራማ ላይ ነበሩ።

ሰላማችን የቀጠለው ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቻቸው ጋር እስኪጣሉ ድረስ ብቻ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ እንደሚያስታውሰው፣ ባላገሮቹ ከተለመደው በላይ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው ያምፃሉ፤ ፊታውራሪውም ሊቀጧቸው ይዘምታሉ። ይህንን ክፍል አከራይና ተከራይ በአንድ ቺፑድ ግራና ቀኝ ሆነው ማዳመጥ የለባቸውም።

«በሰው መሬት ላይ ተቀምጦ አልከፍልም ይባላል?» አሉ እትዬ ከማዶ።

«በዛባቸው እኮ፣ እትዬ።»

«ምኑ ነው የበዛው?»

«ጭማሪው።»

ጥቂት ዝም አሉ። «ጭማሪ የሚመጣው ኑሮ ሲወደድ ነው። ፊታውራሪስ ቢሆኑ ቤተሰብ የላቸውም?»

ጉዱ ካሳ የባላባቱን ሥርዓት በነቀፈ ቁጥር ከወዲያ ሳል ይሰማ ጀመር። ሳሉ የጉንፋን አለመሆኑን ያወቅሁት ወጋየሁ ወደ ሌላ ባለታሪክ ሲያልፍ ወዲያው ስለሚለቃቸው ነው። ፊታውራሪው በአበጀ በለው ሰዎች እጅ ሲወድቁ ግን እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፤ ከመኝታዬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ ምናልባትም አጨበጨብኩ። ከማዶ ምንም ድምፅ አልመጣም፤ ሳል እንኳ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው በቁልፍ ተቆልፎ አገኘሁት። ምክንያቱን ስጠይቅ «የመስመር ችግር ነው» ተባልኩ። የመስመሩ ችግር እኔ ክፍል በር ላይ የሚጀምር፣ ቂጣ የሰጠችኝን ጎረቤቴን የማይመለከት መሆኑን ባልዲዋን ሞልታ ስትመለስ አየሁ።

በዚህ የጭንቅ ጊዜ ፊልም ለማየት ሞከርኩ። የአሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሠራውና የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የሚሰማበት ፊልም ነው፤ በታሪኩም ውስጥ ኢትዮጵያዊ ዝርያ ያለው አንድ ጎረቤት ዋናውን ባለታሪክ የአገሩን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ኩርፊያው ገና ስላልበረደ እትዬ ቺፑዱን አልደበደቡም፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ግን «ዘፈኑ እንዲህ እያማረ ሰዎቹ ምን ያስለፈልፋቸዋል?» ሲሉ ሰማሁ። ከዚህ በላይ ስለ ፊልሙ የምለው የለኝም፤ ግማሹን ያየሁት ውሃ ከየት እንደምቀዳ እያሰብኩ ነው።

ያስታረቁን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። ንግግርም ሆነ ዘፈን የሌለበት፣ ማንንም የማያስቀይም ነገር ስፈልግ የእማሆይን ፒያኖ በዝግታ ከፈትኩ። ጥቂት ቆይቶ በሬ ተንኳኳ።

«ይህን የሚመታው ማነው?»

«እማሆይ ናቸው።»

«የምን እማሆይ? መነኩሴ ፒያኖ ይመታል?»

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ባልዲዬ ባዶ ስለነበር ሳላሳጥር ነገርኳቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ እንደተማሩ፣ ዓለም በቃኝ ብለው ግሸን ማርያም እንደገቡ፣ ኋላም ኢየሩሳሌም በሚገኘው ገዳማችን ለረጅም ዘመን እንደኖሩና በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው እንዳረፉ፣ ከሸክላቸው የሚገኘውንም ለችግረኛ ልጆች ያውሉት እንደነበር ስተርክ እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆመው አዳመጡ። እጄ ላይ ያለው ስልክ መሆኑን እያወቁ ወደ እሱ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። «እሳቸውማ በፍልሰታም አይከለከሉም» አሉና ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የመስመሩ ችግር ተፈታ።

ፍልሰታ ሲነሣ ሌላ ነገር መጣ። ነሐሴ 1 ቀን ጾሙ ይገባል፤ እትዬም ሱባዔ ስለሚይዙ ድራማውም ትረካውም ይቋረጣል። መጽሐፉ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። እትዬ ነገሩን ሲያሰላስሉ ከቆዩ በኋላ አንድ ማታ ቺፑዱን በጣታቸው በቀስታ መታ መታ አድርገው፣ «መምህር፣ እስኪ ትንሽ አሯሩጠው» አሉኝ። እኔም ወጋየሁን በትሕትና አሯሯጥኩት።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ማታ ሲቀረው፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ከስንት መለያየትና ፍለጋ በኋላ ሊገናኙ ሲቃረቡ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋቱ ትረካውን አያቆመውም ነበር፤ ስልኬ ግን ቀኑን ሙሉ ስታወራ ስለዋለች የቀራት ባትሪ ጥቂት ነበርና ወዲያው ተከተለችው። ግቢው ውስጥ «ኧረ!» የሚል ድምፅ ከሦስት አቅጣጫ ተሰማ። ለካ ቂጣ የሰጠችኝ ጎረቤቴም፣ በር አካባቢ ያሉት አዛውንትም፣ መስኮታቸውን ገርበብ አድርገው ከእኛ ጋር ኖረዋል። ሁሉም በየሻማው በረንዳ ላይ ወጣ። እትዬም በርጩማቸውን አስመጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የወጋየሁን አነጋገር እየኮረጁ መጨረሻውን በቃላቸው ይተርኩ ጀመር።

በእትዬ ትረካ በዛብህ አልታመመም፤ አልቆሰለም። ሰብለም አልመነኮሰችም። ደብረ ማርቆስ ላይ በተክሊል ተጋብተው፣ ፊታውራሪው ይቅርታ አድርገው፣ ባላገሮቹም ጭማሪውን ከነውዝፉ ከፈሉ።

«መቃብሩስ?» አሉ አዛውንቱ።

«እስከ መቃብር ነው እንጂ የተባለው መቃብር ገቡ ተባለ እንዴ? ነገ ጾም ይዣለሁ፤ ለማንም አላለቅስም» አሉ እትዬ፣ በርጩማቸውንም ይዘው ገቡ።

ነሐሴ 1 ቀን ጠዋት ኪራዬን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ደገፍ አድርገው፣ ብሩን ቆጠሩና «የመብራት ጭማሪ ይቀራል» አሉኝ። ስልኩን በየሌሊቱ የሞላሁት ለእኔ ብቻ አለመሆኑን፣ ትረካውን እሳቸውም እኩል ማዳመጣቸውን በትሕትና ለማስረዳት ሞከርኩ።

«እኔ የሰማሁት በጆሮዬ ነው፤ በመብራት አይደለም» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።