ቀነጨረ፣ ቀጨጨ፣ ጫጨ፦ አራት ወር የፈጀብኝ ገጽ

ባለፈው እሑድ ማታ አንድ ገጽ ዘጋሁ። በደብተሬ «ቀነጨረ» ብዬ የከፈትኩት ገጽ ነው። አራት ወር ሙሉ አብሮኝ ሲንከራተት ነበር። በጣም ደስ ብሎኛል። ይህን ደስታ ደግሞ እንደኔ ቃል ለሚለቅም ሰው ካልነገርኩ ለማን ልንገር?

ስለ አጀማመሬ ብዙ አላወራም። ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስገባ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጀምሮ ታክሲና አውቶቡስ ስቀያይር ጆሮዬ የገባውን ሁሉ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከሦስት መቶ በላይ ቃል ሰበሰብኩ። አብዛኛውን ግን ትቼዋለሁ። ቃሉን ጻፍኩ እንጂ ማን ስለ ምን እንደተናገረው አልያዝኩም ነበር። አሁን ለአንድ ቃል አንድ ሙሉ ገጽ እሰጣለሁ። ተናጋሪው የየት አገር ሰው ነው? ምን እያየ ነው የተናገረው? እነዚህ ሁለቱ ካልተጻፉ ገጹ ባዶ ነው ባይ ነኝ።

«ቀነጨረ»ን ያመጣብኝ ቃሪያ ነው። በረንዳዬ ላይ በእርጎ ኩባያ ስድስት የቃሪያ ችግኝ አፈላሁ። አራቱ ጥሩ ሄዱ፤ ሁለቱ እዚያው ቀሩ። ለእህቴ በስልክ «ሁለቱ ቃሪያዎቼ ቀነጨሩ» አልኳት። «ቀነጨረ የሚባለው ሕፃን ነው፤ ተክል ጫጨ ነው የሚባለው» አለችኝ። ተከራከርን። ስልኩን ዘግቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ቀነጨረም ቀጨጨም ጫጨም ማደግ ሲገባው ትንሽ ሆኖ ቀረ ወደሚለው ፍቺ መሩኝ። ታዲያ ለአንድ ነገር ሦስት ቃል ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር አለ። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚፈታው ጉልት ላይ ነው። ግን «ጫጨ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ አስተማሪ ይሆናል። አፉ ላይ ያለውን ትቶ ትክክል የመሰለውን ይነግራችኋል። እኔ ሁለት ችግኝ ይዤ ወጣሁ። አንዱ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የፋፋው ነው፤ ሌላው በእርጎ ኩባያ የቀረው። በአንድ ቀን የተዘሩ ናቸው። የቀረው ችግኝ ቅጠል የትንሽ ጣቴን ጥፍር አያክልም፤ ግንዱ ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል። ጥያቄዬ «ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?» ብቻ ነበር።

ሽንኩርት በመደብ የሚሸጡት እናት አንድ ጊዜ አይተው «ጫጭቷል የኔ ልጅ» አሉኝ። ወዲያው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ከጠየቅኋቸው አሥራ አንድ ሰዎች ስምንቱ ያሉት ይህንኑ ነው። ጫጨ ለተክል፣ ለጥጃና ለዶሮ ይሄዳል። ተናጋሪው ያየውን ይናገራል እንጂ ምክንያት አይፈልግም። «ጫጭቶ ቀረ» ከተባለ ወሬው እዚያው ያበቃል። (ጫጩትም ከዚሁ የመጣ መስሎኝ አንድ ሳምንት ደክሜበታለሁ። ማስረጃ ስላጣሁ ሰረዝኩት። ድምፅ ተመሳሰለ ብላችሁ ቃላትን አታዛምዱ።)

ቀጨጨ ቶሎ ነው የተፈታልኝ። ቀጫጫ ከሚለው ጋር ስለሚሄድ ዓይን የሚያርፈው ቅጥነቱ ላይ ነው። በሬዲዮ ደግሞ «የቀጨጨ ኢኮኖሚ»፣ «የቀጨጨ የንባብ ባህል» ሲባል እሰማለሁ። ቃሪያዬን ግን ማንም ቀጨጨ አላለውም።

አላላውስ ያለኝ ቀነጨረ ነው። ጉልት ላይ አንድም ሰው አልተጠቀመበትም። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሦስት ወር ገጹ ግማሽ ሆኖ ቆየ።

የፈቱልኝ የብሎካችን ጥበቃ ናቸው። የቆቦ ሰው ናቸው። አንድ ማታ ኩባያውን ይዤ ስገባ ባትሪያቸውን አበሩበትና «ይሄማ አቀንጭራ ያገኘው ማሽላ ይመስላል» አሉ።

አቀንጭራ! ቃሉን አውቀው ነበር። ግን የአረም ስም ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ከቀነጨረ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬው አላውቅም። ደብተሬን አውጥቼ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማሽላው ዝናብ ጠጥቶ እያለ ቀትር ላይ ጠውልጎ ታገኚዋለሽ» አሉኝ። «አረሟ ገና ከመሬት አልወጣችም። እሷ ብቅ ስትል እኮ ሥራዋን ጨርሳለች።»

በኋላ ሳነብ ሁሉም እሳቸው እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊተኛ ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር አጠገቡ ደርሶ የሚለቀው ኬሚካል ሲነካው ነው። ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቃ ውሃውንና ምግቡን ትስባለች። ሰብሉ ከላይ ያጥራል፣ ይጠወልጋል። ገበሬው ሐምራዊ አበባዋን የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና ይህችን አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው።

የስሟን ቅርጽ ደግሞ ልብ በሉልኝ። ቀነጨረ፣ አቀነጨረ፣ አቀንጭራ። በልታ፣ ሰርቃ፣ አቀንጭራ እንደምንለው ነው። ቦዝ አንቀጽ ይመስላል፣ ያውም በሴት አንቀጽ። ስሟን ስትጠሩ የሠራችውን እየተናገራችሁ ነው። ይህን ሳይ ገጹ ተከፈተልኝ። ጫጨ ያየነውን ብቻ ይናገራል። ቀነጨረ ግን ከበስተጀርባው አቀነጨረ አለበት። የሆነ ነገር፣ ምናልባትም ከሥር ሆኖ፣ ዕድገቱን ወስዶበታል። ይህ የኔ ንባብ ነው፤ የምትሞግቱኝ ካላችሁ ምሳሌ ይዛችሁ ኑ።

በዚህ ዓይን ስመለከተው የጤና ባለሙያዎቹ «መቀንጨር»ን መምረጣቸው ልክ ነው። አንድ ሕፃን ቀነጨረ የሚባለው ቁመቱ ለዕድሜው ከተቀመጠው የዓለም ጤና ድርጅት መካከለኛ ልክ ከ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የልጆች ቁመት ከመካከለኛው ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚለካበት የስታቲስቲክስ መለኪያ) በላይ ሲያንስ ነው። ዋናው ጊዜ ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያሉት 1000 ቀናት ናቸው። ወሳጆቹም ይታወቃሉ፦ የእናትየዋ ምግብ ማነስ፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ንጹሕ ውሃ ማጣት፣ ያልተመጣጠነ ምግብ። በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት በ2000 እ.ኤ.አ. 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. 37 በመቶ ሆነዋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጣው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማስቀረት ነው።

አሁን ልናገረው የሚከብደኝን ልናገር። ገጹን በጀመርኩ ሰሞን ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ደረጃ ላይ ቆሜ ለአንዲት ጎረቤቴ ስለ ሌላ ጎረቤታችን ልጅ «ይህች ልጅ የቀነጨረች ትመስለኛለች» አልኩ። ልጅቷ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ጀሪካን ተሸክማ ከኋላዬ እየወጣች ነበር። ቆመች። «ልጄ አጭር ናት። እኔም አጭር ነኝ፣ እናቴም አጭር ነበረች» ብላኝ አለፈች።

ያን ቀን የተናገርኩት ስለ ልጅቷ ብቻ አልነበረም። እናቷን «ከልጅሽ የወሰድሽባት ነገር አለ» እንደማለት ነው። ያኔ አልገባኝም። በዚያ ላይ በዓይን አይቶ መቀንጨርን መለየት አይቻልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንደነገረችኝ ከሁለት ዓመት በታች ያለው ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል። ወፍራም ጉንጭ ያለው ልጅ ቀንጭሮ ሊሆን ይችላል። አጭሩ ደግሞ ደህና ሊሆን ይችላል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቡና አፈላችልኝ። ያም ሆኖ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ዛሬም ያ ቃል ትዝ ይለኛል። ስለዚህ በዕቃ እያሳያችሁ ጠይቁ ያልኩት ለተክል ነው። የሰው ልጅ እያሳያችሁ ቃል አትለማመዱ።

ቃሪያውስ? በዚያው ሰሞን ከኩባያው ገልብጬ አወጣሁት። ሥሩ የኩባያውን ቅርጽ ይዞ እንደ ድር ተጠምጥሟል፤ አፈር የሚባል የለም ማለት ይቻላል። አራቱን ወደ ጀሪካን ሳዛውር ሁለቱን «በኋላ» ብዬ የተውኳቸው እኔ ነኝ። ለእህቴ ቀነጨሩ ስላት ቃሉን ልክ ብዬዋለሁ ማለት ነው፤ ያቀነጨርኳቸው ግን ራሴ ነበርኩ። ሥሩን በጣቴ ፈታ ፈታ አድርጌ ከመረሬ አፈር፣ ከአሸዋና ከፍግ ባዘጋጀሁት ውስጥ ተከልኳቸው። አንዱ ሞተ።

ሌላው በሦስተኛው ሳምንት ሁለት አዲስ ቅጠል አወጣ። ይዤው ወደ ሽንኩርት ሻጯ እናት ሄድኩ። «ይኸው ፋፋ!» አልኳቸው።

ቅጠሉን በጣታቸው ገለበጥ አድርገው አዩት። «ነፍስ ዘራ በይ» አሉኝ። «መፋፋቱን ገና እናያለን።»

ፋፋ የሚለውን ገጽ ከፍቻለሁ።