ጨጓራ ነው ያልናቸው እናት

ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ደሴ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከኩታበር በኩል የመጡ እናት ገቡ። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ሰገራ ከወጡ አምስት ቀን ሆኗቸዋል።

"ጨጓራዬ ነው የኔ ልጅ" አሉኝ፣ ገና ሳልጠይቃቸው።

ካርዳቸውም ያንኑ ይላል። ጨጓራ፣ ጨጓራ፣ ጨጓራ። በሦስት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ። የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ሁለት ዙር ጨርሰዋል። ፌጦውንም ሞክረውታል። እኛ አገር ከእምብርት በላይ ያመመ ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ታማሚም ሐኪምም ተስማምተው ይለያያሉ።

ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። እኔ ጋውኔ ላይ ጃኬት ደርቤያለሁ። የእሳቸው ሻሽ ግን በላብ ርሶ ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። አየሁትና አለፍኩት። "ወላሂ ዶክተር፣ ልቤ ድው ድው ሲል ነው ሆዴም የሚታሰረው" ብለውኛል። እሱንም አልጻፍኩትም። ግፊታቸው 170 በ100 ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ካርዱ ላይ 110 በ70 ተጽፏል። ከሁለቱ መለኪያ አንዱ ተበላሽቷል አልኩና ተገላገልኩ።

ለትውከቱ ፕላሲል በደም ሥር አዘዝኩ። በቀን ስንቴ የምናዘው መድኃኒት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሲስተር ጮኻ ጠራችኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ራሴን! ራሴን!" ይላሉ። ግፊት 240 በ130፣ የልብ ምት 150። የልብ ምት የሚያዘገየውን ፕሮፕራኖሎል ልሰጥ ስል ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱ ጋ ደወልኩ።

"ፕላሲል ሰጥተሃል?" አለኝ በእንቅልፍ ድምፅ። አዎ አልኩት። "ያልባቸዋል?" አዎ። "ፕሮፕራኖሎሉን እንዳትነካ። መጣሁ።"

ኩላሊት አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፋች አድሬናል የምትባል ዕጢ አለች። እዚያ ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባል እብጠት ሲበቅል የድንጋጤ ሆርሞኖቹን አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን እየቆየ ደም ውስጥ ይለቃል። ሌሊት መንገድ ላይ ጅብ የገጠመው ሰው ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ አንጀቱ ግን ሥራ ያቆማል። እሳቸው ጅቡን ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚዞሩት። ድርቀቱም መነፋቱም ከዚያ ነው። (አልፎ አልፎ ደግሞ ይኸው እብጠት ሌላ ሆርሞን እያመነጨ እንደ ውሃ ያስቀምጣል፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።) ፕላሲል እብጠቱን ያለውን እንዲያራግፍ ይገፋዋል። ፕሮፕራኖሎል ብቻውን ቢገባ ደግሞ የደም ሥር የሚያሰፋውን መንገድ ዘግቶ የሚያጠብበውን ይተወዋል። ገድያቸው ነበር ማለት ነው።

ግፊቱ ሰዓት ሳይሞላው እየወረደ መጣ። ሲነጋ በአልትራሳውንድ ከቀኝ ኩላሊታቸው በላይ ሎሚ የሚያክል ነገር ታየ። የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ ተመረመረ፤ የእነዚያ ሆርሞኖች ስባሪ የሆነው ሜታኔፍሪን ከልክ በላይ ነው። የደም ሥር የሚያሰፋውን ፕራዞሲን ለሳምንታት ወስደው ግፊቱ ከተረጋጋ በኋላ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው።

ለክትትል ሲመጡ እኔው ነበርኩ። ግፊት 120 በ80። ሆዳቸውን ስጠይቃቸው ሳቁ። "አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ሰዓት ነው" አሉኝ። ፕላሲል የሰጠኋቸው እኔ መሆኔን፣ ያን ሌሊት ያሰቃያቸውም እሱ መሆኑን ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ቆይተው ወደ ጎናቸው እያመለከቱ፣

"ታዲያ የኔ ልጅ፣ ጨጓራዬን ሲያወጡት በዚህ በኩል ነው እንዴ?"

ሰፈራቸው ዛሬም የሚወራው እሱ ነው አሉ፤ ጨጓራዋን አዲስ አበባ ቆርጠው አወጡላት።