ለጀማሪ ጨለማው ብቻ ይበቃል

ነሐሴ ላይ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ እኔንም ዋሻ ውሰደኝ» አለችኝ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ክርክር ተነሳ። «ጠበብ ያለ ቦታ አስገባት፣ ወኔዋ ያኔ ይለያል» ያሉኝ ነበሩ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም።

የኔ የመጀመሪያ ቀን እንደዚያ ነበር። ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ካለ ገደል ሥር አራት ሆነን ገባን፣ የያዝነው ሁለት ባትሪ ብቻ ነው፣ ይዞን የገባው ልጅ ቦታውን ያውቀዋል ብለን ምንም አልጠየቅንም። በደረት እየተሳብን መሃል ላይ ስንደርስ አንዱ ባትሪ ጠፋ። ትከሻዬ ድንጋይ መሃል ተይዟል፣ ከኋላዬ ያለው ደግሞ «ቶሎ በል እንጂ» እያለ እግሬን ይገፋል፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ሳልጎዳ ወጣሁ። ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሻ ደጃፍ አልደረስኩም። ወኔዬ ተለየ ማለት ነው? አይደለም። ሦስት ዓመት ነው የባከነው።

ለጀማሪ ጨለማው ራሱ ትልቅ ፈተና ነው። ሌሊት ደጅ ስንወጣ ዓይናችን ቀስ እያለ ይለምዳል። ዋሻ ውስጥ ግን ጭራሽ ብርሃን የለም፤ አንድ ሰዓት ብትቀመጡም እጃችሁን አታዩም። በዚያ ላይ ጠባብ ቀዳዳ፣ ገመድና ውሃ ምን ይጨመራል? ቆሞ የሚኬድበት፣ ቢበዛ ጎንበስ የሚያስብል፣ በገቡበት የሚወጡበት፣ ከአንድ ሰዓት የማያልፍ ቦታ ይበቃል።

ለዚህ ደግሞ የኛ አካባቢ ምቹ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ እያሟሟ የሚቦረቡረው ዓይነት ረጅም ዋሻ አይገኝም። ያ የኖራ ድንጋይ ሥራ ነው። ባሌ ያለው ሶፍ ዑመር፣ የዌብ ወንዝ የቦረቦረው፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ እሱ ይቆይ። እዚህ ያሉትን ትንንሾቹን የሚንቁ ሰዎች ያሳዝኑኛል፣ ለመነሻ ከነሱ የተሻለ የት ይገኛል?

ቀላል ስላልኩ ግን ዝም ብሎ ዘው አይባልም። የእህቴን ልጅ «ክረምቱ ይውጣ» አልኳት። ታይላንድ ውስጥ በሰኔ 2010 12 ልጆችና አሠልጣኛቸው ዋሻ ከገቡ በኋላ ዝናብ መጥቶ መውጫውን በጎርፍ ዘጋባቸው፤ ሁሉም እስኪወጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ፣ ሊረዳ የገባ አንድ ጠላቂም ሞተ። ዝናቡ ከሩቅ ተራራ ሊመጣ ይችላል፣ ከደጃፉ ሰማዩ ጥርት ብሎ መታየቱ አያስተማምንም።

ከመግባታችን በፊት የሰፈሩን እረኞች ጠየቅን። ጅብ የሚያድርበትን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደጃፉ ላይ ትኩስ አጥንት ካለ መመለስ ነው። ጠበል ወይም ባሕታዊ ያለበት ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይገባም። ለሁላችንም ሄልሜት፣ ለእያንዳንዳችን ሦስት ባትሪ፣ ለሌሊት ወፍ ኩስ አቧራ ደግሞ ማስክ ያዝን፤ አቧራው ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖረው ይችላል። እቤት ለእህቴ «እስከ 9 ሰዓት ካልደወልን ሰው ላኪ» ብያታለሁ።

ኅዳር ላይ ገባን። ሃያ ደቂቃ እንደሄድን ቁጭ አልንና መብራቱን ሁሉ አጠፋን። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ ለቀቀችኝ፣ «የሚንጠባጠበው ይሰማሃል?» አለችኝ። ትንሽ ወደፊት ስንሄድ ጣሪያው ዝቅ አለና «ጋሼ፣ በቃኝ» አለች። ለምን ሳልላት ዞርኩ። ስንገባ የተስማማነው እንደዚያ ነው፤ አንድ ሰው በቃኝ ካለ ሁሉም ይወጣል፣ ማንም አይለማመጥም፣ ማንም ፊቱን አያጠቁርም።

ደጃፉ ላይ ቆሎ እየበላን ዝም ብላ ቆየችና «ያ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ውስጥ ግን ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥር ላይ እንሄዳለን። የራሷን ሄልሜት ገዝታለች።