ሽማግሌው አዳላ

ፍሪጁ ላይ የለጠፍኳት ወረቀት ቤቱን በጠበጠችው። ፔሻዋሬው ከትናንት ጀምሮ ሻይ ሲቀዳ የእኔን ኩባያ ይዘላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻርጃ ውስጥ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተናል። ከፓኪስታን ፔሻዋር የመጣ ሹፌር፣ ከህንድ ኬረላ የመጣ ምግብ አብሳይ፣ ሁላችንም «አንክል» የምንለው የስሪላንካ ካንዲ ሰው፣ እና እኔ፣ የሌሊት ጥበቃ። ሦስቱ በክሪኬት፣ በዚያ በዱላና በኳስ ጨዋታ፣ ካልተጨቃጨቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እንደ ጊዮርጊስና ቡና በሉት፣ ልዩነቱ የእነሱ ጭቅጭቅ ካለቀ 25 ዓመት ስላለፈው ጨዋታ መሆኑ ነው። ባለፈው ሳምንት የዘጠናዎቹን ምርጥ 11 የቴስት ቡድን እንምረጥ ተባለ። ሊደባደቡ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ምረጥ፣ አንተ አገርህ የለችበትም» አሉኝ። በቃ፣ ሽማግሌ ሆንኩ።

እኔ ክሪኬትን ያወቅኩት እዚህ ከመጣሁ ነው። ቴስት የሚሉት አምስት ቀን የሚፈጅ፣ መሀል ላይ ለምሳና ለሻይ የሚቆም፣ ያ ሁሉ ተለፍቶ ደግሞ አቻ ሊያልቅ የሚችል ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ሳይ «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?» ብዬ ነበር። ከዚያ የሌሊት ሥራ ጀመርኩ። አስራ ሁለት ሰዓት በር ላይ ለሚቀመጥ ሰው እግር ኳስ ቶሎ ያልቅበታል። የድሮ ቴስት ግን ከስልኬ ባትሪ ይበልጣል። (ራን ሲባል ነጥብ በሉት፣ ዊኬት ሲባል አንድ መቺ ወጣ ማለት ነው። ለዛሬ ይበቃል።)

ገና ሳልጀምር «ዘጠናዎቹ የማን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ አውስትራሊያዊው በረኛ አዳም ጊልክሪስት ከሞላ ጎደል ከነሙሉ ዘመኑ ይገባል፣ በ1992 ጀምሮ በ2000 ጫማ ሰቅሏል። በፈረንጅ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በኖቬምበር 1999 ነው፣ አስር ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው። ሦስቱም በአንድ ድምፅ ፈረንጅ አሉ። የተስማሙበት ብቸኛው ነገር ይህ ነው። ስለዚህ ከመቺው ኋላ የሚቆመው በረኛ ኢያን ሂሊ ሆነ።

ብራያን ላራ፣ ሳቺን ቴንዱልካር፣ ስቲቭ ዋው፣ ዋሲም አክረም፣ ከርትሊ አምብሮስ ያለ ክርክር ገቡ። አምብሮስ በ1994 ትሪኒዳድ ላይ እንግሊዝን በ46 ራን ሲያስጠርግ ያየ ሰው ምን ይከራከራል? አምበል ማርክ ቴይለርን አደረግኩ። በ1998 ፔሻዋር ላይ 334 ራን አስቆጥሮ ሳይወጣ፣ ልክ የድሮው የአውስትራሊያ ጀግና የብራድማን ትልቁ ቁጥር ላይ ሲደርስ፣ በማግስቱ መምታቱን ትቶ ሌላውን ቡድን አስገባ። ፔሻዋሬው አጎቱ ያን ቀን ስታዲየም ስለነበር ደስ ብሎት ፈረመ። ስድስተኛ ላይ ዚምባብዌያዊውን አንዲ ፍላወርን ጻፍኩ። አፍሪካዊነትህ ነው አሉኝ። ነው፣ አልክድም፣ ግን ሰውዬው በጠቅላላ ዘመኑ በአማካይ ከ50 ራን በላይ የመታ ነው።

ስለ ሳቺን አንድ ነገር ልበል። በጃንዋሪ 1999 ቼናይ ላይ ህንድ ፓኪስታንን ለማሸነፍ 271 ራን ያስፈልጋት ነበር። ሳቺን ጀርባውን እያመመው 136 መታ። ሊያሸንፉ 17 ራን ሲቀራቸው ወጣ፣ ከእሱ በኋላ የቀሩት ሦስቱ አራት ራን ብቻ ጨምረው ተጠረጉ። በ12 ራን ተሸነፉ። ይህን አንድ ቀን ሁላችንም አብረን አየነው፣ ስልኬን ከዘይት ጠርሙሱ ጋር አስደግፈን። የኬረላው ልጅ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር፣ ሳቺን ኳሷን ወደ ላይ ሲያጎናት ቢላዋውን አስቀመጠ። መጨረሻውን ልቡ እያወቀው! ቀጥሎ ፓኪስታኖች ሜዳውን ሲዞሩ የቼናይ ሕዝብ ተነስቶ አጨበጨበላቸው። ፔሻዋሬው ምንም አላለም። ከመክተፊያው ቲማቲም አነሳና ይከትፍለት ጀመር።

አውስትራሊያዊው ሼን ዋርን ወይስ የአንክል አገር ልጅ ሙራሊታራን? ሁለቱም ኳስ አሿሪዎች ናቸው። አንክል ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ዋርን በ1993 እንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ኳሱን ሲወረውር ከማይክ ጋቲንግ እግር ውጪ ወደቀች፣ ዞረች፣ ዱላውን አልፋ በዚያኛው በኩል ያለውን እንጨት መታች። ሰውዬው ቆሞ ቀረ። ሙራሊ ደግሞ በ1998 ለንደን ኦቫል ላይ ብቻውን 16 ዊኬት ወሰደ። ከመጨረሻዎቹ አስር ዘጠኙ የእሱ ናቸው፣ ያመለጠው አንዱ ሲሮጥ ነው የተያዘው። በዚያ አስር ዓመት ብዙ የሰበሰበው ዋርን ነው። ግን ለአንክል ማን ይነግረዋል? ሁለቱንም አስገባሁ። ለዚህ ስል ፓኪስታናዊውን ዋቃር ዩኒስን ቀነስኩ፣ ደቡብ አፍሪካዊውን አለን ዶናልድንም ቀነስኩ። የፔሻዋሬው ፊት መጥቆር የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ጨርሶ የጠቆረው በመክፈቻ መቺ፣ መጀመሪያ በሚገባው ሰው፣ ነው። ከቴይለር ጋር ማን ይክፈት? ፓኪስታናዊው ሰኢድ አንዋር ነበር መልሱ። በ1999 ኮልካታ ላይ ከፍቶ ገብቶ፣ ጓደኞቹ በሙሉ ሲያልቁ 188 ላይ ሳይወጣ የቀረው አንዋር። አውቃለሁ። እኔ ግን እንግሊዛዊውን ማይክ አተርተንን ጻፍኩ።

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። የኬረላው ልጅ ቁጥር አያልቅበትም፣ «ባይ (ወንድሜ ማለቱ ነው)፣ አማካዩ 37 አካባቢ ነው፣ አውስትራሊያዊው ወርዋሪ ማክግራ ብቻውን 19 ጊዜ አስወጥቶታል» አለኝ። ልክ ነው። የምመልሰው አልነበረኝም።

ያልነገርኳቸው ይህን ነው። በ1995 ጆሃንስበርግ ላይ እንግሊዝ ማሸነፍ አትችልም፣ አለመሸነፍ ብቻ ነው የቀራት። አተርተን አራተኛው ቀን ላይ ገባ፣ አምስተኛው ቀን እስኪያልቅ አልወጣም። 643 ደቂቃ። ዶናልድ ይወረውርበታል፣ እሱ ይመክታል፣ ጓንቱን ያስተካክላል፣ እንደገና ይቆማል። ጃክ ራስል አጠገቡ ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ 29 ራን ብቻ አስቆጠረ። ጨዋታው አቻ። የተቆራረጠውን ቪዲዮ ያየሁት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ያ በጣም የሚከብደው ሰዓት ላይ ነው። እግሬን ከጫማ አውጥቼ፣ 643ን ለስልሳ አካፈልኩ። አስር ሰዓት ከ43 ደቂቃ። ከእኔ ፈረቃ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ያንሳል። ሰውዬውን የወደድኩት ያኔ ነው፣ ክሪኬቱ ሰበብ ነው።

አገሬ የለችበትም ብለው የሾሙኝ ሰዎች ይህን እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? «አዳላህ» አለኝ ፔሻዋሬው። አዎ፣ አዳልቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስመለስ አተርተን በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዟል። በላዩ አንዋር ተጽፏል፣ ፊደሉ የፔሻዋሬው ነው፣ ሲጽፍ ወረቀቱን ይቀደዋል። ከሥሩ በቀጭን ጽሕፈት ሙራሊ በአምበልነት ተሹሟል። ያ ደግሞ ዝምተኛው አንክል ነው። ተኝቼ ስነሳ መልሼ አተርተን ብዬ ጻፍኩ፣ በትልቁ።

ቤቱ ውስጥ ያለው እስክሪብቶ አንድ ብቻ ነው። ማታ ወደ ሥራ ስወጣ ኪሴ ከትቼው ወጣሁ።