ጥላ ፍለጋ

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ በጨለማ የአሸዋ ክምር ስወጣ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ላይ፣ ግማሹ መልሶ ወደ ታች። ጫፉ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጧል፤ ፀሐይዋ ግን ሳትጠብቀኝ ብቅ ብላለች።

በረሃን ፎቶ ማንሳት ለእኔ ጥላን ማንሳት ነው። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ሲመታ ነፋስ የሠራቸው ጥቃቅን ሸንተረሮች አንድ በአንድ ጎልተው ይወጣሉ፤ የክምሩ አንዱ ጎን ወርቅ፣ ሌላው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ከነፋስ የተከለለው ጎን ቁልቁለቱ 34 ዲግሪ ገደማ ነው። ደረቅ አሸዋ ከዚያ በላይ ቀጥ ብሎ መቆም ስለማይችል ይናዳል፤ ያ እንደ ስለት የቀጠነ ጠርዝም የሚገኘው በዚህ ነው። ረፋዱ ላይ ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ሆነ፤ ካሜራዬን ዘጋሁ።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ግራጫ ሆነውብኛል። ካሜራ ነጣ ያለ አሸዋ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል፤ ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ይህን ለሌሎች ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ! ከሁሉ የከፋው ግን በጣም ያማረውን ጠርዝ ራሴ ረግጬው ማለፌ ነው። ዘወር ስል የጫማዬ ዱካ መሃል ለመሃል ተዘርግቷል። ከጎኑ አንዲት ጥንዚዛ ያለፈችበት ቀጭን መስመር ነበር፤ በመጨረሻ እሱን አነሳሁ፣ ከቀኑ ፎቶዎች ሁሉ የወደድኩትም እሱን ነው።

አሸዋ እንዳይገባ ብዬ ሌንስ አልቀየርኩም። አሁን ማታ ሌንሱን ሳዞረው ግን ቅርሽ ቅርሽ ይላል።